ዘይቱን የሚያበስለው ሙቀቱ ነው ወይስ ግፊቱ?



ባለፈው የትምህርት ወቅት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ድንጋይ ከሰልና ስለ ነዳጅ ዘይት አፈጣጠር ስንማር፣ ሰሌዳው ላይ «በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት» ብዬ ጽፌ ነበር። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሁለቱ እኩል ነው የሚሠሩት? ወይስ ዋናው አንዱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «ግፊቱ ነው የሚያሞቀው፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው» ብዬ መለስኩላት። ደወል ተደወለ፤ እናንተም የነገርኳችሁን ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ወጣችሁ።

መልሴ ስህተት ነበር። የሥነ ምድር ትምህርቴን ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ሳልጨርስ ያቋረጥኩ ብሆንም፣ ይህን ያህሉን ማወቅ ነበረብኝ። ደብተር ላይ የገባ ስህተት በቃል ብቻ ስለማይጠፋ፣ እርማቱን እዚህ ጽሑፍ ላይ አስፍሬዋለሁ። ደብተራችሁን አውጡና እያነበባችሁ አርሙ።

ጥሬ ዕቃው

ነዳጅ ዘይትም ሆነ ድንጋይ ከሰል የሚገኘው በሕይወት ከነበሩ ነገሮች ቅሪት ነው። ዕፅዋትና ጥቃቅን ፍጥረታት ሲሞቱ አብዛኛው አካላቸው በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ምክንያት በስብሶ ይጠፋል። ጥቂቱ ግን ኦክስጅን በማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ በጥልቅ ሐይቅ ወለል ወይም በረግረግ ውስጥ፣ ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። በላዩ ሌላ ደለል ይመጣል፤ በዚያም ላይ ሌላ። ይህ ሚሊዮን ዓመታት ሲቀጥል የታችኛው ጭቃ ወደ አለት ይለወጣል።

በዚህ አለት ውስጥ የሚቀረው ጥቁር ወይም ቡናማ ጠጣር ቅሪት ኬሮጅን ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣለት ክረም ብራውን የተባለ የስኮትላንድ ኬሚስት ነው። ኬሮጅን እንደ ቤንዚን ባሉ ማሟሚያዎች ቢዘፈዘፍ አይሟሟም። ሞለኪውሎቹ ትልልቅና እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። በሐይቅ ውስጥ ካደጉ አልጌዎች የመጣው ኬሮጅን ሃይድሮጅን ስለሚበዛበት ብዙ ዘይት ይወጣዋል። በባሕር ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት የመጣውም ዘይትና ጋዝ ይሰጣል። ከየብስ ዕፅዋት፣ ከእንጨትና ከቅጠል የመጣው ግን በአብዛኛው ጋዝ ነው የሚሰጠው፤ ብዛቱ ከፍ ሲል ደግሞ ድንጋይ ከሰል ይሆናል።

እንግዲህ ኬሮጅንን እንደ ጥሬ ባቄላ ቁጠሩት። ባቄላ ካልተቀቀለ አይበላም። ኬሮጅንም ካልበሰለ ዘይት አይሰጥም። የሥነ ምድር ሰዎችም የሚናገሩት በዚሁ ቋንቋ ነው፤ አለቱን «ጥሬ»፣ «የበሰለ»፣ «ከልክ በላይ የበሰለ» ይሉታል። ጥያቄያችን እሳቱ ማን ነው የሚለው ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ወደ ምድር ውስጥ በጠለቅን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። በብዙ ቦታ ጭማሪው በየ1 ኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ የሚመጣው የላይኛው አለት የታችኛውን ስለሚጫነው አይደለም። ምንጩ ሁለት ነው፦ ምድር ስትፈጠር የነበራትና እስከ ዛሬ ወጥቶ ያላለቀው ሙቀት፣ እንዲሁም በአለት ውስጥ ያሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና የፖታሲየም አንዱ ዓይነት ቀስ በቀስ ሲፈራርሱ የሚለቁት ሙቀት።

«ታዲያ የብስክሌት ጎማ ስንነፋ መንፊያው ለምን ይሞቃል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አየር በፍጥነት ሲታመቅ ይሞቃል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መንፊያውን አስቀምጣችሁ ትንሽ ብትቆዩ ይበርዳል፤ ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ግን አልቀነሰም። ግፊት አለ፤ ሙቀት የለም። በምድር ውስጥ ደግሞ ደለል የሚከማቸው እጅግ በዝግታ ስለሆነ፣ ከመታመቅ የሚመጣች ጥቂት ሙቀት ብትኖር እንኳ ሚሊዮን ዓመታት አሏትና ትበተናለች። ከዚህም በላይ አለትና ውሃ እንደ አየር በቀላሉ አይታመቁም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሁለት ጉድጓዶችን እናወዳድር። በሩሲያ ቆላ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1989 እስከ 12,262 ሜትር የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ታች የተገኘው ሙቀት 180 ዲግሪ ያህል ነበር። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ፣ በአሉቶ ላንጋኖ፣ ለእንፋሎት ኃይል የተቆፈሩት ጉድጓዶች ግን 2,500 ሜትር ገደማ ጠልቀው ከ300 ዲግሪ በላይ አግኝተዋል። የቆላው ጉድጓድ በጥልቀት አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ከላዩ ያለው ክብደትም እንዲሁ። ሙቀትን የሚፈጥረው ክብደት ቢሆን ኖሮ ቆላ ከአሉቶ እጅግ ይሞቅ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ምክንያቱም ከአሉቶ በታች የቀለጠ አለት ቅርብ ነው።

የማብሰያው ልክ

ኬሮጅን የያዘው አለት 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ትልልቆቹ ሞለኪውሎች መሰባበር ይጀምራሉ። ከተሰበሩት ቁርጥራጮች ፈሳሽ የሚሆኑት ነዳጅ ዘይት ናቸው። ይህ እስከ 150 ዲግሪ አካባቢ ይቀጥላል። ከዚያ በላይ ዘይቱ ራሱ ይሰባበርና ጋዝ ይሆናል። ከ200 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ የሚቀረው በአብዛኛው ሜቴን የተባለው ጋዝና ካርቦን ብቻ ነው። እንግዲህ ወጡ አረረ ማለት ነው።

ጊዜም ድርሻ አለው። ሎፓቲን የተባለ የሶቪየት ኅብረት የሥነ ምድር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረበው ስሌት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመብሰሉ ፍጥነት ወደ እጥፍ ያድጋል። ለምሳሌ አንድ አለት በ100 ዲግሪ ለመብሰል 16 ሚሊዮን ዓመት የሚፈጅበት ቢሆን፣ በ110 ዲግሪ 8 ሚሊዮን፣ በ120 ዲግሪ 4 ሚሊዮን ይበቃዋል። ዛሬ ከዚህ የረቀቀ ስሌት አለ፤ ሐሳቡ ግን ለእኛ ይበቃል።

አለቱ ምን ያህል እንደበሰለ የሚታወቀው በአጉሊ መነጽር ነው። ከእንጨት የመጣች ቪትሪናይት የምትባል ቅንጣት አለች። አለቱ ተስሎና ተወልውሎ ብርሃን ሲበራበት ቪትሪናይት ከብርሃኑ ጥቂቱን ትመልሳለች። በበሰለች ቁጥር የምትመልሰው ብርሃን ይጨምራል። 0.6 ከመቶ ገደማ ስትመልስ ዘይት መውጣት ጀምሯል፤ 1.3 ከመቶ ስትደርስ የዘይቱ ጊዜ እያበቃ ነው፤ ከ2 ከመቶ በላይ ጋዝ ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር አስታውሱ፤ ወደ ኋላ ትመጣለች።

ግፊቱስ ምን ያህል ነው?

በምድር ውስጥ ሁለት ዓይነት ግፊት አለ። በዕርዳታ መጋዘን የተደረደሩትን የበቆሎ ጆንያዎች አስቡ። የታችኛው ጆንያ የሁሉንም ክብደት ተሸክሟል፤ ክብደቱ ከፍሬ ወደ ፍሬ ይተላለፋል። የአለት ግፊት እንዲህ ነው። አሁን ደግሞ በፍሬዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ውሃ ቢሞላ፣ ውሃው የራሱ ግፊት ይኖረዋል። ይህ ሁለተኛው ነው።

ውሃ በየ10 ሜትር ጥልቀት 1 አትሞስፌር ያህል ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ በ3,000 ሜትር ጥልቀት የውሃው ግፊት 300 አትሞስፌር ነው። አለት ከውሃ ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ፣ በዚያው ጥልቀት የአለቱ ክብደት ወደ 700 አትሞስፌር ይጠጋል። አንዳንድ ጊዜ ወፍራም የሸክላ ጭቃ መውጫውን ይዘጋና ውሃው ማምለጫ ያጣል። ያን ጊዜ ክብደቱን ውሃው ራሱ መሸከም ይጀምራል፤ ግፊቱም ከ300 አልፎ ወደ 700 ይወጣል። ይህ ከልክ ያለፈ ግፊት ይባላል።

ይህን ያህል ኃይል እያለ ኬሮጅኑን አያበስለውም ማለት እንዴት ይሆናል? በጥንት ጊዜ ሊቃውንቱም እንደ እናንተ ተጠራጥረው ነበር። ካርል ሂልት የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1873 በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የታችኛው ድንጋይ ከሰል ከላይኛው የተሻለ ደረጃ እንዳለው አስታወቀ። ወደ ታች ሲኬድ ግን ሙቀትም ግፊትም አብረው ስለሚጨምሩ፣ የትኛው እንደሠራ በዚህ ብቻ መለየት አይቻልም። ለመለየት አንዱ ካለሌላው የሚገኝበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ቦታ አለ። የቀለጠ አለት ተሰንጥቆ ወጥቶ ድንጋይ ከሰልን ያቋረጠባቸው ቦታዎች አሉ። ከትኩሱ አለት አጠገብ ያለው ከሰል አንትራሳይት ወይም ኮክ ሆኖ ይገኛል። ጥቂት ሜትሮች ራቅ ሲባል ግን ያው ከሰል እንደ ነበረ ነው። ጥልቀቱ አንድ ነው፣ ግፊቱም አንድ ነው፤ የተለየው ሙቀቱ ብቻ ነው።

በሞስኮ አካባቢ ደግሞ ዕድሜው ከ300 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ድንጋይ ከሰል አለ። ይህን ያህል ቆይቶ ዛሬም ሊግናይት የሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነው ያለው። በጥልቀት ስላልተቀበረ አልሞቀም፤ ስላልሞቀም አልበሰለም። ዕድሜ ብቻውን አያበስልም ማለት ነው። ባቄላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳምንት ቢቆይ ይበሰብሳል እንጂ አይበስልም።

የሚያፏጨው ድስት

«ክዳኑ የሚቆለፈው፣ የሚያፏጨው ድስት ግን በግፊት ነው የሚያበስለው» የሚል ይኖራል። ይህም በደንብ መታየት አለበት። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። እኛ ባለንበት ቆላ ወደ 98 ዲግሪ ይጠጋል። ውሃ ከፈላ በኋላ ማገዶ ብትጨምሩም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ውሃው በእንፋሎት ያልቃል እንጂ። ማገዶ በቁጥር ለሚታደለን ለእኛ ይህም ማወቅ ይጠቅማል። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱት፤ የሚነድደው እሳት ባቄላውን አያፈጥነውም።

የሚያፏጨው ድስት እንፋሎቱን ስለሚያፍን ውሃው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይሞቃል። ባቄላው ቶሎ የሚበስለው ለዚህ ነው። ያበሰለው 120 ዲግሪው ነው፤ ግፊቱ ያደረገው ሙቀቱ እንዲወጣ መፍቀድ ብቻ ነው። ያንኑ ድስት በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ፣ እሳት ሳታነዱ በፓምፕ ግፊት ብትጨምሩበት ባቄላው ጥሬውን ያድራል። በምድር ውስጥም ግፊቱ በ120 ዲግሪ ውሃው እንዳይፈላ ያደርጋል፤ ማሞቁ ግን የሌላ ሥራ ነው።

ግፊት ሊያዘገይ ይችላል

አሁን ብዙዎቻችሁ ያልጠበቃችሁት ነገር ይመጣል። ግፊት አለማብሰሉ ብቻ ሳይሆን፣ አንዳንድ ጊዜ መብሰሉን ያዘገየዋል።

ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሳይከፈት ውስጡ አረፋ አይታይም። ክዳኑ ሲከፈት ግን ጋዙ እየተንፎለፎለ ይወጣል። ጋዝ ቦታ ይፈልጋል፤ ግፊት ቦታ ይነፍገዋል። ለ ሻተሊዬ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ያስቀመጠው ሕግ እንደሚለው፣ አንድ ሥርዓት ሲጫን ቦታ ወደሚቆጥበው አቅጣጫ ያዘነብላል። ኬሮጅን ሲሰበር ደግሞ የሚወጡት ዘይትና ጋዝ ከበፊቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋሉ። ሞለኪውሉ ሊሰበር ሲል እንኳ መጀመሪያ ትንሽ መለጠጥ አለበት። ዙሪያውን በብርቱ የተጫነ ሞለኪውል ለመለጠጥ ይቸገራል።

ይህን በሙከራ ያዩ አሉ። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬሮጅን ያለበትን አለትና ድንጋይ ከሰል ውሃ በሞላበት ወፍራም ብረት ዕቃ ውስጥ አድርገው፣ ሙቀቱን በ350 ዲግሪና ከዚያ በላይ ጠብቀው፣ የውሃውን ግፊት እስከ 900 ባር ከፍ አደረጉት፤ 1 ባር ማለት 1 አትሞስፌር ያህል ነው። ግፊቱ ሲበዛ የሚወጣው ጋዝ አነሰ፤ ቪትሪናይትም የምትመልሰው ብርሃን ዝቅ አለ። በተፈጥሮም በደቡብ ቻይና ባሕር በዪንግገሃይ ተፋሰስ፣ ውሃ በታፈነባቸው ንጣፎች ውስጥ ያለው ቅሪት ከሙቀቱ አንጻር ሲታይ ጥሬነት ሲታይበት ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ሁሉ አንድ ላይ አልቆሙም። ናሙናውን በወርቅ ቱቦ አሽገው ከውጭ የጨመቁ ሌሎች ሙከራዎች የግፊት ተጽዕኖ ትንሽ መሆኑን አሳይተዋል። በሙከራ ቤት በጥቂት ቀናት የሚታየውና በምድር ውስጥ በሚሊዮን ዓመታት የሚሆነውም አንድ ላይሆን ይችላል። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ግን አለ፦ በአብዛኛው ቦታ ዋናው ሙቀት ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ጊዜ ነው፤ የግፊት ተጽዕኖ ጎልቶ የሚነሣው ጥልቅ በሆነና ውሃው በታፈነበት አለት ነው።

ታዲያ ግፊት ሥራ የለውም?

አለው። መጀመሪያ፣ ጭቃውን ጨምቆ ውሃውን ያስወጣል፤ የረግረጉን ብስባሽ ጠፍጥፎ ያጠጥረዋል። ይህ ቅርጹን መለወጥ ነው። ሁለተኛ፣ የተወለደውን ዘይት ከጠባቡ ጭቃ አለት ገፍቶ ወደ አሸዋ አለት ያሻግረዋል፤ ዘይት ከጉድጓድ የሚቀዳው በአብዛኛው ከተወለደበት ሳይሆን ከተሰደደበት አለት ነው። ሦስተኛ፣ ለቆፋሪዎች አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከታች የታመቀው ዘይትና ጋዝ የጉድጓዱን መዝጊያ አልፎ ወጥቶ ሲፈነዳ 11 ሠራተኞች ሞተዋል። ስለዚህ መሐንዲሶች ሙቀትንና ግፊትን ለየብቻ ይለካሉ፤ አንዱን በሌላው ስም አይጠሩትም።

እዚህ ቅርባችን

ከኪታሌ ወደ ሎድዋር በሚወስደው መንገድ የመጣችሁ ሎኪቻርን አልፋችኋል። በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2012 ንጋሚያ 1 በተባለው ጉድጓድ ዘይት ተገኘ። ዛሬ እንዲህ ደረቅ የሆነው ምድር በጥንት ዘመን ሐይቅ ነበረበት፤ ዘይቱም የመጣው ከዚያ ሐይቅ ጭቃ ነው። የሐይቅ ዘይት ብዙ ጊዜ ሰም ይበዛበታል። የቱርካናውም እንዲሁ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ወደ ሞምባሳ ሲጓጓዝ ሙቀቱን በሚጠብቅ ታንከር ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 የመጀመሪያው መርከብ 240,000 በርሜል ያህል ጭኖ ወጥቷል።

በአገራችንም በኦጋዴን ካሉብ በተባለው ቦታ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተፈጥሮ ጋዝ ተገኝቷል። በያዩ፣ በደልቢና በሞዬ ደግሞ ድንጋይ ከሰል አለ፤ አብዛኛው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያልደረሰ ነው። አሁን ይህን ስትሰሙ «ብዙ ስላልሞቀ ነው» ማለት ትችላላችሁ።

ለጠየቀችኝ ተማሪ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ እኩል አይደሉም፤ አንድም አይደሉም። የሚያበስለው ሙቀት ነው፤ ጊዜ ያግዘዋል። ግፊት ይጨምቃል፣ ይገፋል፣ አንዳንዴም ያዘገያል። ፈተና ላይ «በሙቀትና በግፊት» የሚል ምርጫ ቢመጣ መልሱ እሱ ነውና ምረጡት፤ ነገር ግን «ግፊቱ ስለሚያሞቅ» የሚለውን ከደብተራችሁ ሰርዙ። እጃችሁንም ማውጣት አትተዉ። ያን ቀን እጇን ባታወጣ ኖሮ ስህተቱ በእኔም በእናንተም ዘንድ ይኖር ነበር።

መልመጃ

1. በአንድ ቦታ የምድር ገጽ ሙቀት 30 ዲግሪ ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ 28 ዲግሪ ይጨምራል። በ3.5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሙቀቱ ስንት ነው? በዚያ ዘይት ሊወለድ ይችላል?

2. ሁለት አለቶች በ4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት እኩል ዘመን ቆይተዋል። አንዱ 90 ዲግሪ፣ ሌላው 140 ዲግሪ ነው። ይበልጥ የበሰለው የትኛው ነው? ጥልቀታቸው አንድ ሆኖ ሙቀታቸው ለምን ተለያየ?

3. የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነውን ከኬሮጅን መሰበር ጋር አነጻጽሩ።

4. የብስክሌት መንፊያ ስትነፉ ይሞቃል፤ ሲቆይ ይበርዳል። ይህ ስለ ምድር ሙቀት ምን ያስተምረናል?

መልሳችሁን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አምጡልኝ። መልሴ ላይ ስህተት ያገኘ ደግሞ አስቀድሞ ይምጣ።